የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሳልቫዶር ለሚሄድ ሰው የትኛው ሰፈር ይሻላል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር በጃንዋሪ ወር መጨረሻ ወደ ብራዚሏ የባሂያ ግዛት ዋና ከተማ ወደ ሳልቫዶር ሄደን እስከ ፌብሯሪ 3 ድረስ ለመቆየት አስበናል። ባለቤቴ ጥንታዊውን ከተማ ለማየት ይጓጓል፤ እኔ መዋኘት እወዳለሁ፤ እናቴ ደግሞ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዳገትና ደረጃ ይከብዳቸዋል፣ ነገር ግን ማታ ማታ ሙዚቃ ባለበት ቦታ ተቀምጠው ሰው ማየት ደስ ይላቸዋል። ዋጋቸው የሚቀራረብ ሦስት ማረፊያዎች አግኝተናል። አንደኛው ፔሎሪኞ በሚባለው ጥንታዊ ሰፈር፣ ሁለተኛው ባራ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር፣ ሦስተኛው ለአውሮፕላን ማረፊያው በሚቀርበው በኢታፑአ ይገኛሉ። የትኛውን እንድንይዝ ይመክሩናል?

መልስ፦ ከሦስቱ ባራን ይያዙ። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ የማቀርበው፣ ምክንያቱን ካወቁ በባራ ውስጥም የትኛው ቤት እንደሚሻል ራስዎ መለየት ስለሚችሉ ነው።

ማረፊያ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ካርታ ከፍቶ፣ ሊያያቸው የሚፈልጋቸውን ስፍራዎች አመልክቶ፣ ለሁሉም እኩል የሚቀርበውን ቤት ይፈልጋል። ይህ አሠራር ሳልቫዶር ላይ ያሳስታል። ፖርቱጋላዊው ቶሜ ዴ ሶውዛ እ.ኤ.አ. በ1549 ከተማዋን ሲቆረቁር ለመከላከል እንዲያመች ከባሕረ ሰላጤው በላይ ባለው ገደል አናት ላይ አስቀመጣት፤ ወደቡና ንግዱ ግን ከገደሉ ሥር ሆነ። እስከ 1763 ድረስ የብራዚል ዋና ከተማ ሆና የቆየችው እንዲህ ለሁለት እንደ ተከፈለች ነው፤ ዛሬም የላይኛውና የታችኛው ከተማ እየተባለ ይጠራል። ሁለቱን የሚያገናኘውና ከ1873 ጀምሮ ሕዝብ የሚመላለስበት ኤሌቫዶር ላሰርዳ የተባለው አሳንሰር 72 ሜትር ከፍታ አለው። ካርታ ይህን ከፍታ አያሳይም። በጣት ሲለካ አጭር የሚመስል መንገድ፣ እቦታው ሲደርሱ ጉልበት የሚያንቀጠቅጥ አቀበት ሆኖ ይገኛል። ለእናትዎ ሲሉ ከርቀቱ በፊት ከፍታውን መጠየቅ ይኖርብዎታል።

ሁለተኛው ነገር ምሽቱ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የማስቀድመውም ይህንን ነው። ቀን ከሰፈር ወደ ሰፈር መሄድ አያስቸግርም፤ በስልክ የሚጠሩት የኡበርና የ99 መኪናዎች በከተማው ሁሉ ይሠራሉ። ማታ ግን መንገደኛ ደክሞት ይመለሳል፣ ታጥቦ ልብሱን ይለውጣል፣ ከዚያ በኋላ እንደገና መኪና ጠርቶ ሌላ ሰፈር ድረስ ለመሄድ ሐሞት ያጣል። የቆይታው ጣዕም የሚወሰነው ከማረፊያው ደጃፍ በእግሩ በሚደርስበት ክልል ውስጥ በሚያገኘው ነገር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቤት ሲመለከቱ «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ በእግራችን የት ልንደርስ እንችላለን? በየትኛውስ መንገድ እንመለሳለን?» ብለው ይጠይቁ።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ባራ ለእናንተ የተስማማ ነው። ሰፈሩ የሚገኘው ከተማዋ ያረፈችበት ባሕረ ገብ ምድር ጫፍ ላይ ነው፤ በአንድ ወገን ክፍት የሆነው አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በሌላው ወገን ቶዶስ ኦስ ሳንቶስ የተባለው ባሕረ ሰላጤ ያዋስኑታል። የብራዚል ዳርቻ አብዛኛው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ስለሆነ ፀሐይ በባሕር ላይ ስትጠልቅ የሚታይባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ፖርቶ ዳ ባራ የተባለችው ትንሽ የባሕር ዳርቻ ግን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢታፓሪካ ደሴት ታያለች። በሁለቱ ጫፎቿ ሳንታ ማሪያና ሳኦ ዲዮጎ የተባሉ ትንንሽ የጥንት ምሽጎች ቆመዋል። ውኃው ከውቅያኖሱ ማዕበል የተጠለለ በመሆኑ ረጋ ያለ ነው፤ እናትዎም እስከ ወገባቸው ገብተው ሊቆሙ ይችላሉ።

አመሻሹ ላይ እዚያ ቢቀመጡ የሚያዩትን ልንገርዎት። አንድ ሰው በሽቦ የተንጠለጠለች የከሰል ጣሳ ይዞ በአሸዋው ላይ ይመላለሳል። ሲጠሩት ተንበርክኮ፣ ጣሳዋን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ፍሙን ያቀጣጥልና በእንጨት የተሰካ አይብ ቆዳው እስኪቀላ ድረስ ይጠብሳል፤ በላዩ የደረቀ ቅጠል ነስንሶ ይሰጥዎታል። ወንበርና ጃንጥላ የሚያከራዩም አሉ፤ ከመቀመጥዎ በፊት ዋጋውን ጠይቆ መስማማት የተለመደ ነው፣ ማንም አይቀየምም። እሑድ ግን መቆሚያ እስኪታጣ ድረስ ስለሚጨናነቅ ሌላ ቀን ቢመርጡ ይሻላል።

ከዚያች ዳርቻ እስከ ባራ የመርከበኞች መብራት ማማ ድረስ ያለው የባሕር ዳር መንገድ ሜዳ ነው፤ ለእግረኛም ሰፊ ቦታ ተትቶለታል። ማማው ሳንቶ አንቶኒዮ በተባለው ምሽግ ውስጥ የቆመ ሲሆን፣ በዚያ ስፍራ ለመርከበኞች መብራት መብራት የጀመረው በ1698 ነው። እናንተ በምትሄዱበት ወር ፀሐይ የምትጠልቀው አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰው በምሽጉ ዙሪያ ባለው ሣር ላይ ተሰብስቦ ይቀመጣል፣ ጊታር የያዘም አይጠፋም። እናትዎ የሚፈልጉት ይህ ከሆነ አቀበት ሳይወጡ ያገኙታል።

ባራ ሲባል ግን ሁሉም ቤት አንድ አይደለም። ከባሕሩ ጀርባ መሬቱ ወዲያው ሽቅብ ወጥቶ ግራሳና ቪቶሪያ ከሚባሉት ሰፈሮች ጋር ይገናኛል። አንዳንድ አከራይ «ከባሕር ዳር አምስት ደቂቃ» ብሎ የሚጽፈው ቤት ከአቀበቱ አናት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ሲወርዱ አምስት ደቂቃ የነበረው ሲመለሱ ሌላ ነገር ይሆናል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የመንገዱን ፎቶግራፍ በካርታ አገልግሎት ላይ ይመልከቱ፤ ሕንፃው አሳንሰር እንዳለው፣ መኝታ ቤቱ የአየር ማቀዝቀዣ እንዳለው፣ መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ ወይስ ወደ ጓሮ እንደሚከፈት በጽሑፍ ይጠይቁ። ጃንዋሪ በዚያ የበጋው እኩሌታ ስለሆነ ያለ ማቀዝቀዣ መተኛት አረጋውያንን ይጎዳል። በባሕሩ ፊት ለፊት ያለ ክፍል ያምራል፤ ሌሊት ግን ድምፅ ስላለበት ለእንቅልፍ አንድ ወይም ሁለት መንገድ ገባ ያለው ይሻላል።

ፔሎሪኞን አልመክርም ስል ሰፈሩን አቃልዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረ፣ ቀለም የተቀቡ ቤቶቹና አብያተ ክርስቲያናቱ የሚያስደንቁ፣ በ1979 የተመሠረተው ኦሎዱም የተባለው የከበሮ ማኅበር የሚገኝበት ስፍራ ነው። ባለቤትዎ ከአንድ ቀን በላይ ሊሰጠው ይገባል። ነገር ግን መንገዱ ሁሉ ድንጋይ የተነጠፈበትና ዘቅዛቃ ነው፤ ድንጋዩ በዘመን ብዛት ስለለሰለሰ በዝናብ ያንሸራትታል። ሲመሽ ዋናዎቹ አደባባዮች ሞቅ ቢሉም ከእነርሱ የሚወጡት ጎዳናዎች ቶሎ ጭር ይላሉ፤ ወደ ታችኛው ከተማ በሚወስዱት ቁልቁለቶችም ቀን ቢሆን እንኳ በእግር መሄድ አይመከርም። ከባራ በመኪና አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጠዋት ሄዳችሁ፣ ምሳ በልታችሁ፣ በዚያው በመኪና ብትመለሱ ምንም አይጎድልባችሁም። ማክሰኞ ማታ በሰፈሩ ሙዚቃ የሚደምቅበት የቆየ ልማድ ስላለ፣ አንድ ምሽት እዚያ ማሳለፍ ከፈለጋችሁ ማክሰኞን ምረጡ።

ኢታፑአ ለሌላ ዓይነት መንገደኛ ነው። ዳርቻው ሰፊና ዘንባባ የተተከለበት ነው፤ ነገር ግን ከጥንታዊው ከተማ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ደግሞ መንገዱ ይዘጋጋል። ከአውሮፕላን ማረፊያው መቅረቡ ሊማርካችሁ አይገባም፤ ይህ ቅርበት የሚጠቅማችሁ በመጡበትና በሚሄዱበት ቀን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፌብሯሪ 2 ቀን እዚያው ስለምትሆኑ የኢየማንጃን በዓል ታገኛላችሁ። በዚያ ዕለት ሪዮ ቬርሜልዮ በተባለው ሰፈር ሰው ከሌሊት ጀምሮ ነጭ ለብሶ ይሰለፋል፤ አበባና ሽቶ በቅርጫት ተሞልቶ ለባሕር እመቤት በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ወደ ጥልቁ ይወሰዳል። መንገዶች ለመኪና ስለሚዘጉና ፀሐዩ ስለሚበረታ ማልዳችሁ ተነሥታችሁ፣ ሕዝቡ ሳይበዛ አይታችሁ፣ ለምሳ ባራ ብትመለሱ እናትዎም በዓሉን ሳይደክማቸው ያዩታል።

ጥያቄ፦ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለካርኒቫል ሳልቫዶር ልንሄድ ነው። ትርኢቱ በሚያልፍበት በባራ ውድ ክፍል፣ ራቅ ባለው በፒቱባ ደግሞ ርካሽ አፓርታማ አግኝተናል። የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ በመጀመሪያ የትኛውን ካርኒቫል ለማየት እንደምትሄዱ ወስኑ። በከተማው ውስጥ ሦስት ዋና መስመሮች አሉ። ዶዶ የሚባለው ከባራ መብራት ማማ ተነሥቶ በባሕሩ ዳር እስከ ኦንዲና አራት ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ኦስማር የሚባለው በመሃል ከተማ በካምፖ ግራንዴ በኩል ያልፋል፤ ባታቲኛ ደግሞ በፔሎሪኞ ጠባብ ጎዳናዎች የሚካሄድ፣ ትልልቅ የድምፅ መኪናዎች የማይገቡበት፣ በእግራቸው የሚሄዱ የከበሮና የጥሩንባ ቡድኖች የሚጫወቱበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሞች መታሰቢያነታቸው በ1950 አንድ አሮጌ ፎርድ መኪና ላይ የድምፅ ማጉያ ጭነው በመዞር ትሪዮ ኤሌትሪኮ የተባለውን ተንቀሳቃሽ መድረክ ለጀመሩት ሁለት ሙዚቀኞች ነው።

የታወቁ ዘፋኞችን በድምፅ መኪና ላይ ለማየት ከሆነ የምትሄዱት፣ የባራን ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ነገር አስቡ። በመስመሩ ላይ ያለ ክፍል እስከ ንጋት ድረስ አያስተኛም፤ ካርኒቫሉ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ እስከ ረቡዕ ጠዋት ይዘልቃል። በትርኢቱ ሰዓት ሻንጣ ይዞ በመኪና መግባትም ሆነ መውጣት አይቻልም፤ ስለዚህ ከሐሙስ በፊት መድረስ ግዴታ ነው። ፒቱባ ደግሞ በቀን ጥሩ የመኖሪያ ሰፈር ቢሆንም፣ ሌሊት ከአስር ሺዎች ጋር እኩል መኪና ስትጠሩ የዋጋው ርካሽነት በመጓጓዣ ይካካሳል። እኔ ሦስተኛ አማራጭ ላቅርብላችሁ፦ ሪዮ ቬርሜልዮ። መስመሩ የሚያልቅበት ኦንዲና ለዚያ ሰፈር ጎረቤት ስለሆነ ትርኢቱን እስከ መጨረሻው ተከትላችሁ በቀሩት መንገዶች ወደ ቤታችሁ ልትቃረቡ ትችላላችሁ፤ ሰፈሩ በተራ ቀንም ቢሆን የማታ ሕይወት ያለው፣ በአደባባዮቹ ላይ ሴቶች የአካራዤ ቂጣቸውን በፓልም ዘይት ሲጠብሱ የሚያመሹበት ነው። ለመዋኘት ግን ድንጋያማ ስለሆነ አይመችም።

ፍላጎታችሁ ጥቁር ብራዚላውያን ያቋቋሟቸውን ማኅበራት ማየት ከሆነ ግን መልሴ ይለወጣል፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ የምመርጠው ይህንን ነው። በ1949 የወደብ ሠራተኞች የመሠረቱት፣ ነጭና ሰማያዊ ለብሶ ጥምጥም አስሮ የሚወጣው ፊልዮስ ዴ ጋንዲ ከፔሎሪኞ ይነሣል። በ1974 የተቋቋመውና ለሌሎቹ አፍሪካዊ ማኅበራት መንገድ የከፈተው ኢሌ አይዬ ደግሞ ቅዳሜ ሌሊት ከተወለደበት ከሊበርዳዴ ሰፈር፣ ከኩሩዙ መንገድ ይወጣል። ለዚህ ዓላማ በላይኛው ከተማ፣ በሳንቶ አንቶኒዮ አሌም ዶ ካርሞ ብታርፉ የሁለቱም መነሻ ይቀርባችኋል።

ጥያቄ፦ ብቻዬን በጁን ወር የምሄድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዝናብ ነው ይሉኛል። ጸጥ ያለ ግን ከሰው ያልራቀ ቦታ ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ ከአፕሪል እስከ ጁላይ ዝናብ ይበዛል፤ ቢሆንም ሙቀት ስለማይጠፋ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ አያስቀምጥም። በዚህ ወቅት ባሕር ዳር ማረፍ ብዙም አይጠቅምዎትም፤ ከላይ የጠቀስሁትን ሳንቶ አንቶኒዮን ይመልከቱ። ከፔሎሪኞ በእግር የሚደረስበት ቀጭን መንገድ ሲሆን፣ ግራና ቀኙ የጥንት ቤቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ፖውዛዳ ወደሚባሉ ትንንሽ ማረፊያዎች ተለውጠዋል። ክፍል ሲይዙ በገደሉ ወገን ያለውን ቤት ይጠይቁ፤ ፊት ለፊቱ ተራ የመንገድ ቤት ይመስላል፣ ውስጡን አልፈው ወደ ጓሮው ሰገነት ሲወጡ ግን ባሕረ ሰላጤው በሙሉ ከእግርዎ በታች ይዘረጋል፤ ቁርስም ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው እዚያው ነው። ቁርሱ በዋጋው ውስጥ መካተቱን ያረጋግጡ። በጁን ማብቂያ የሚውለው የሳኦ ዦአኦ በዓል ሲቃረብ የፔሎሪኞ ጎዳናዎች በባለ ቀለም ባንዲራዎች ይሸፈናሉ፣ የአኮርዲዮን ሙዚቃም ይሰማል፤ ሲመለሱ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ከሆነ መንገዱ አጭር ቢሆንም በመኪና ይምጡ።