ጡረተኛዋ አስተማሪ ፖሊስን ትበልጣለች?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የመጀመሪያ ልቦለዴን እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ እንግሊዝ አገር ይጀምርና ጀርመንና አየርላንድ ይዘልቃል። ጡረታ የወጣች አስተማሪና ጎረቤቷ፣ የአስተማሪዋ አክስት በ1958 ሀምቡርግ ውስጥ በድብቅ የወለደችውን ወንድ ልጅ ፍለጋ ይነሳሉ። ሀምቡርግ ላይ የልጁን የልደት መዝገብ በግማሽ ቀን ያገኙታል። ደብሊን ላይ የ1841ን የሕዝብ ቆጠራ ገልጠው የአክስቲቱን ዘር ይደርሱበታል። የአባትየው ማንነት ደግሞ መጨረሻ ላይ አክስቲቱ ሳጥን ውስጥ ትታው በሞተችው ደብዳቤ ይወጣል። ጓደኛዬ ረቂቁን አንብባ "ፖሊስ ያላገኘውን እነዚህ ሁለት አሮጊቶች ከየት አምጥተው ነው የሚያገኙት?" ብላ ሞራሌን ገደለችው። እውነት አያሳምንም? (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)
ከባህር ዳር

መልስ፦ ፖሊስ መቼ ፈለገና! በድብቅ መውለድ ወንጀል አይደለም፤ ፋይል የሚከፍትበት ምክንያት የለውም። ደግሞ ፖሊስ ያቃተውንም ቢሆን ከሙያው ውጪ ያሉ ሰዎች ፈትተውት ያውቃሉ። ካሊፎርኒያን በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ሲያሸብር የኖረው ገዳይ በ2018 የተያዘው፣ ከወንጀሉ ቦታ የተገኘው ዲኤንኤ ሰዎች ዘመድ ለመፈለግ ውጤታቸውን ከሚያስገቡበት ድረ ገጽ ጋር ተመሳክሮ ነው። የተገኙት ሩቅ የሥጋ ዘመዶች ብቻ ነበሩ። ከእነሱ ተነስቶ ወደ ቅድመ አያት መውጣት፣ ከዚያ እንደገና ወደ ልጅ ልጆች መውረድ ነበረበት፤ በዚህ ሥራ መርማሪዎቹን ያገዘቻቸው ባርባራ ሬ-ቬንተር ጡረታ የወጣች የፈጠራ መብት (ፓተንት) ጠበቃ ናት። ሰውየው ደግሞ የቀድሞ ፖሊስ ሆኖ አረፈው። ልቦለድ ላይ ብትጽፊው ማን ያምንሽ ነበር?

እኔን ያላሳመነኝ ሌላ ነው፤ ሴቶችሽ ዕድላቸው በዛ። የጀርመን የልደት መዝገብ ለማንም ክፍት የሚሆነው ከ110 ዓመት በኋላ ነው። የ1958ቱ ልጅ መዝገብ እስከ 2068 ዝግ ነው ማለት ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ የሚችለው ራሱ ባለቤቱ፣ የትዳር ጓደኛው ወይም የቀጥታ ዘሩ ነው፤ ወላጅ፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ። አስተማሪሽ ለልጁ የአክስት ልጅ ናት፣ ስለዚህ በቂ ሕጋዊ ምክንያት ካላቀረበች መዝገብ ቤቱ ይቅርታ ብሎ ይሸኛታል። ጎረቤቷማ ጭራሽ አይታሰብም።

ይሄ ግን ልብ አንጠልጣይ ለሚጽፍ ሰው ሲሳይ ነው። የሞት መዝገብ በ30 ዓመት ይከፈታላ! ልጁን በ1985 ግደይው። ያን ጊዜ ሴቶቹ በልደቱ በር መግባት አቅቷቸው በሞቱ በር ይገባሉ፤ ባለትዳር ከነበረ የሚስቱንም ስም እዚያው ያገኛሉ። ሚስትየዋ በሕይወት ካለች ደግሞ በሯን የሚያንኳኩላት ሰው አገኙ።

የደብሊኑ ምዕራፍ አይሆንም። የ1841 ቆጠራ ከጥቂት ቁርጥራጭ በስተቀር የለም፤ በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ጁን 30 ቀን 1922፣ የፎር ኮርትስ ቤተ መዛግብት ሲጋይ አብሮ ነደደ። ከቃጠሎው በፊት ከተደረጉት ለመላው አገሪቱ ሙሉ ሆነው የሚገኙት የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ናቸው። ወይ ወደነሱ አምጪው፣ ወይ ሴቶቹ ደብሊን ድረስ ሄደው አመድ ይጠብቃቸው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ደብዳቤውን ሰርዢው። ሳጥን ውስጥ የተገኘ ደብዳቤ አንባቢ ሰልችቶታል፣ ሁሉን ነገር ዘርግፎ ስለሚናገርም ሴቶችሽን ሥራ ያስፈታቸዋል። ይልቅ እንግሊዝ አገር ያለ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ተጠቀሚ፤ ማንም ከፍሎ ቅጂውን ማዘዝ ይችላል። ሙሽራውም ሙሽሪትም የአባታቸውን ስምና ሥራ ያስጽፋሉ (የእናት ስም የተጨመረው ገና በ2021 ነው)። አባቱን የማያውቅ ሰው ቦታውን ባዶ ይተወዋል፣ አንዳንዱም አፍሮ የፈጠራ ስም ያስሞላል። ልጁ አድጎ እንግሊዝ መጥቶ ያገባ እንበል። የአባት ስም በሚለው ቦታ አስተማሪሽ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ሰው ስም ተጽፎ ብታገኘውስ? እውነት ነው ወይስ ፈጠራ? ሚስትየዋን የምትጠይቃት ጥያቄ እሱ ነው።

ሚስትየዋ ትናገር ወይስ በሩን ትዝጋባቸው የሚለውን አንቺ ወስኚ። ስትጨርሺው ላኪልን፣ ጓደኛሽም ደግማ ታንብበው።