ሌሊት ዓይኔ ይፈጣል ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ወደ ምሥራቅ በርረሽ የ8 ሰዓት ልዩነት ያለበት ቦታ ከደረስሽ ሁለት ቀንሽ ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ እንደ ድንጋይ ትወድቂያለሽ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ዓይንሽ ይፈጣል። ጎህ ሊቀድ ሲል እንደገና እንቅልፍ ይጥልሻል። ይህ ጄት ላግ የሚሉት ነው፤ ሰውነትሽ ገና በቤትሽ ሰዓት ነው ያለው። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ሥራ ትጀምሪያለሽ። መቼ ይለቀኛል፣ የእንቅልፍ ክኒንስ ልውሰድ ወይ ብለሻል። ጓደኛሽ «በጠዋት ተነስተሽ ፀሐይ ሙቂ፣ ይለቅሻል» እንዳለችሽም ጽፈሻል።

ክኒኑን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ጠዋቷ ፀሐይ ልንገርሽ፤ እኔን ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

የመጀመሪያው ረጅም በረራዬ ለሥልጠና ነበር። ወደ ምሥራቅ፣ የ9 ሰዓት ልዩነት። ብዙ የሚጓዝ የሥራ ባልደረባዬ ያንኑ ምክር ሰጠኝ። እኔም አመንኩት። በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ አንድ ሰዓት ሙሉ እራመድ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የጉዞ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ባሰብኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አድራለሁ፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሰው ሲያናግረኝ ድምፁ ከሩቅ ይመጣል። የዚያ ቀን የማስታወሻ ደብተሬ አሁንም አለ። ገጹ ሲጀምር ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። መሃል ላይ ይንጋደዳል። ከዚያ «ስለዚህ» ልጽፍ ጀምሬ «ስለ» ላይ ቀርቻለሁ፤ የብዕሩ መስመር ብቻ እየቀጠነ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ወርዷል። እዚያች ላይ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ፣ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጬ። ሥልጠናው ሳምንት ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ እኔ ገና እንደመጣሁበት ቀን ነበርኩ።

ከተመለስኩ በኋላ ነው ነገሩን ማጥናት የጀመርኩት። ጥፋቱ መራመዴ አልነበረም። ብርሃኑን ያገኘሁበት ሰዓት ነው።

እንዲህ ነው። ጭንቅላታችን ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል፣ ወደ 20,000 የሚጠጉ ህዋሳት ያሉበት ትንሽ ቦታ አለ። ዋናው የሰውነት ሰዓት እሱ ነው። የሚቀመጠው ከዓይን የሚመጡ ነርቮች ከሚሻገሩበት በላይ ነው፤ ስለዚህ ብርሃን ሲያርፍብሽ ወሬው ቶሎ ይደርሰዋል። ወንድምሽ «የሐሳብ ነው፣ ቻይው» ብሎሻል አይደል? የሐሳብ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ለጄፍሪ ሆል፣ ለማይክል ሮስባሽና ለማይክል ያንግ የተሰጠው ይህ ሰዓት በህዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ስላሳዩ ነው። አውሮፕላኑ በግማሽ ቀን ያሻግርሻል። ይህ ሰዓት ግን በአንድ ጊዜ አይዞርም። ወደ ምሥራቅ ስትሄጂ በቀን 1 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ምዕራብ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚንቀሳቀሰው። ወደ ምሥራቅ የሚከብደው የብዙ ሰው የተፈጥሮ ሰዓት ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃ ስለሚረዝም ነው። ማምሸት ይቀለዋል፣ ቀድሞ መተኛት ይከብደዋል።

አሁን ዋናው ነገር ይኸውልሽ። ሌሊት ላይ፣ ከእንቅልፍ ከምትነቂበት ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ፣ የሰውነትሽ ሙቀት በጣም የሚወርድበት ሰዓት አለ። ቤትሽ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የምትነሺ ከሆነ ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያች ሰዓት በፊት ያገኘሽው ጠንካራ ብርሃን እንቅልፍሽን ያዘገየዋል። ከዚያች ሰዓት በኋላ ያገኘሽው ያስቀድመዋል። ብርሃኑ ያው ነው፣ ሥራው ግን ተቃራኒ ነው።

በአንቺ ላይ እናስላው። የቤትሽ ሌሊት 10 ሰዓት አሁን ያለሽበት ቦታ ቀን 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ ልትሞቂ ስትወጪ ሰውነትሽ ገና ማታ 5 ሰዓት ነው ብሎ ያምናል። ያን ሁሉ ብርሃን ሲያይ «ለካ ገና አልመሸም» ይልና እንቅልፍሽን ጭራሽ ወደ ኋላ ይገፋል። አንዳንድ ሰው እንዲያውም 8 ሰዓት ወደ ፊት መሄድ ሲገባው ሰዓቱ በተቃራኒው 16 ሰዓት ሊዞር ይነሳል። እኔ ላይ የሆነው ይህ ይመስለኛል። ጓደኛሽ ክፉ አልመከረችሽም። ሦስት አራት ሰዓት ልዩነት ላለበት ጉዞ የጠዋት ፀሐይ ጥሩ ነው። ለ8 ሰዓት ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይሆንም።

እና ነገ ምን ታደርጊያለሽ? መጋረጃሽን ጥርቅም አድርገሽ ዝጊና እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኚ። አዎ፣ ተኚ። ብዙ ሰው ጎህ ሲቀድ በግድ ተነሺ ይልሻል፤ እኔ አልልም። ከዚያ እስከ 6 ሰዓት ቤት ውስጥ ሁኚ። መውጣት ግድ ከሆነብሽ ጠቆር ያለ የፀሐይ መነጽር አድርጊ። 6 ሰዓት ሲሆን ውጪና ሁለት ሦስት ሰዓት ደጅ ቆዪ፣ ያለ መነጽር። ቢደምንም ችግር የለም። ደመናማ ቀን እንኳን ውጪ 10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ሊገኝ ይችላል፤ ቢሮ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከ500 አይበልጥም። መስኮት ዳር መቀመጥ እንደ መውጣት አይቆጠርም።

ከነገ ወዲያ ሁሉንም በአንድ ሰዓት አስቀድሚው። 2 ሰዓት ላይ ተነሺ፣ ከ5 ሰዓት ጀምሮ ብርሃን። ሥራ በምትጀምሪበት ቀን 1 ሰዓት ላይ ትነሻለሽ፤ መንገድ ላይ መነጽርሽን አድርጊ፣ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ለሻይ ሲወጣ ደጅ ውጪ። እንዲህ እያለ በሳምንት ውስጥ የጠዋቷ ፀሐይ ራሷ ትክክለኛ ትሆናለች። ያኔ የጓደኛሽን ምክር ትከተያለሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሥራ በምትጀምሪበት ቀን ሙሉ ለሙሉ አይለቅሽም። ግን ሰው የሚሉሽ ትሆኛለሽ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ወደዚያው ስሄድ ይህን ስሌት በወረቀት ጽፌ ኪሴ ይዤ ነበር። በአራተኛው ሌሊት እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ተኛሁ። ስነቃ አላመንኩም፤ መጋረጃውን ሳልገልጥ ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን እያየሁ ተኝቼ ቆየሁ።

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ስትነቂ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ስልክሽን አትንኪ። ሰዓት ለማየት ብቻ ብለሽም ቢሆን። ዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ብርሃን መኖሩን ለአንጎል ለመንገር የተሠሩ ህዋሳት አሉ፤ በተለይ ሰማያዊ ብርሃን ይነካቸዋል። ስልኩም ቢሆን ብርሃን ብቻ አይደለም፣ ቤት ገና አልተኙምና መልእክት ታገኛለሽ፣ ትመልሻለሽ፣ አለቀ። እኔ ስልኩን ከአልጋው ርቆ ቦርሳ ውስጥ አስገባዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቀሽ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሺ፤ ደብዛዛ መብራት አብርተሽ ወረቀት ላይ ያለ ነገር አንብቢ። ዓይንሽ ሲከብድ ተመለሺ። እንቅልፍ ባይመጣ እንኳን ጨለማ ውስጥ ጋደም ማለት ዕረፍት ነው። «ነገ እንዴት ልሆን ነው» እያሉ ማስላት ነው የበለጠ የሚያደክመው።

ቀን ላይ ስታንጎላጂ ሸለብ ማድረግ ትችያለሽ፣ ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ብቻ፣ ከ9 ሰዓት በፊት። አላርም ሳትሞዪ አትጋደሚ። «ትንሽ ዓይኔን ልክደን» ብለሽ የጀመርሽው ሦስት ሰዓት ይሆንና ማታውን ይበላዋል። ከ30 ደቂቃ በላይ ከተኛሽም ስትነሺ ጭንቅላትሽ ደንዝዞ ነው የምትነሺው።

ቡና ጠጪ፣ ግን ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ተይው። ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ከጠጣሽ 5 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ እንኳን ግማሹ ውስጥሽ አለ። አልኮል ደግሞ ያስተኛል ይባላል። ያስተኛል፣ ግን ሌሊቱን ይቆራርጠዋል። አንቺ አሁን የተቆራረጠ ሌሊት አትፈልጊም።

ወደ ክኒኑ ልምጣ። የእንቅልፍ ክኒን ያስተኛሻል እንጂ ሰዓቱን አያዞረውም። አንድ ጊዜ ሰው የሰጠኝን ዋጥኩ። ተኛሁ። በማግስቱ ግን እስከ እኩለ ቀን ጭጋግ ውስጥ ነበርኩ፣ የሚቀጥለው ሌሊት ደግሞ ያው ሆነ። የሰው መድኃኒት መዋጥ ራሱ ስህተት ነበር፤ አንቺ እንዳታደርጊው። በተለይ አውሮፕላን ውስጥ ወስዶ ሳይነቃነቁ ለረጅም ሰዓት መተኛት እግር ላይ ደም እንዲረጋ መንገድ ይከፍታል። ከአልኮል ጋር ደግሞ በጭራሽ።

ሜላቶኒን ሌላ ነገር ነው። ሰውነት ራሱ ሲመሽ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው፣ ለአንጎል «መሽቷል» ብሎ የሚናገር። ለጄት ላግ ተሞክሮ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዓት ልዩነት ላለበት፣ በተለይ ወደ ምሥራቅ ለሚደረግ ጉዞ፣ እንደሚረዳ የታየ ነው። የሚወሰደው ባለሽበት ቦታ የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ነው። በተሳሳተ ሰዓት ከተወሰደ እንደ ጠዋቷ ፀሐይ ነገሩን ያባብሰዋል። መጠኑ ከግማሽ ሚሊ ግራም እስከ 5 ሚሊ ግራም ነው፣ ብዙ መውሰድ ብዙ አይጠቅምም። እኔ ትንሹን ነው የምወስደው፣ ለአራት ሌሊት ብቻ። በአንዳንድ አገር ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካው። ኢንሱሊን ወይም ሌላ ሰዓት ያለው መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም ሰዓቱን በራስሽ አትቀይሪ፣ ለሐኪምሽ ደውዪ።

ምግብን በተመለከተ ባለሽበት ሰዓት ብዪ። ሌሊት ሲርብሽ ቀለል ያለ ነገር ይበቃል። ጉበትም የራሱ ሰዓት አለው፣ እሱ ደግሞ ከምግብ ጋር ነው የሚሄደው። ውሃ ጠጪ፤ የአውሮፕላን አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ ራስ ምታቱ ግማሹ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። እሱ ግን የጉዞ ድካም ነው፣ አንድ ሁለት ቀን ተኝተሽ ይወጣልሻል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ረጅም ሰዓት የበረረ ሰውም ይደክመዋል፣ ጄት ላግ ግን የለበትም፤ ሰዓቱ አልተቀየረበትማ።

መኪና እንዳትነጂ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ቢያንስ ይህ ሳምንት እስኪያልፍ ሌላ ሰው ይንዳ። ደብተሬ ላይ የወረደችውን መስመር ባየሁ ቁጥር ያኔ እጄ ላይ የነበረው ብዕር በመሆኑ አመሰግናለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ እመለሳለሁ ብለሻል። መመለሻው ወደ ምዕራብ ስለሆነ ይቀልሻል። ያኔ የምትፈልጊው ብርሃን የከሰዓት በኋላና የምሽት ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ደጅ ቆዪ፣ ቢያንስ እስከ ማታ 3 ሰዓት ሳትተኚ ታገዪ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብትነቂም ጨለማው ውስጥ ቆዪ። ከዚህ በኋላ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ስትሄጂ ከመነሳትሽ ሦስት ቀን ቀድመሽ መኝታሽንም መነሻሽንም በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት አስቀድሚ። ሦስት ሰዓቱን ቤትሽ ጨርሰሽ ትሄጃለሽ። ለሁለት ሦስት ቀን ብቻ የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ ሰዓትሽን ባትቀይሪው ይሻላል፣ ገና ሳትለምጂ ትመለሻለሽ።

የሰጠሁሽ ስሌት ቤትሽ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንደምትነሺ አድርጌ ነው። 12 ሰዓት ላይ የምትነሺ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ሰዓት አስቀድሚው፤ 2 ሰዓት ላይ ከሆነ በአንድ ሰዓት አዘግዪው። የመነሻ ሰዓትሽ ሌላ ከሆነ ጻፊልኝና አብረን እናሰላዋለን። ነገ ከ6 ሰዓት በኋላ ደጅ ወጥተሽ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈም ንገሪኝ።