ታመሰኳለች ወይ?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ «ጋሼ፣ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አለኝ። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ሥራ የለም። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ እናቱ ደም ግፊት፣ ስለ መንገዱ ሰላም ሲያስብ ይነጋበታል። ይህን የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው።

እኔ ጎንደር ዙሪያ ከሠላሳ ዓመት በላይ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ። ገበሬ የታመመች ላም ይዞ ሲመጣ ቀድሜ የምጠይቀው «ታመሰኳለች ወይ?» ብዬ ነው። ጤነኛ ላም በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ታመሰኳለች። የዋጠችውን ሣር ወደ አፏ እየመለሰች አንዱን ጉርሻ 50 ጊዜ ያህል ታኝከዋለች። ስትታመም ወይም ስትደነግጥ ታቆማለች። አይኗን ከደን አድርጋ ስታመሰኳ ካየኋት ግማሽ ሐሳቤ ይቀለኛል።

ላም የምታመሰኳው የበላችውን ነው። እኛ ገና ያልበቀለውን ሣር እናመሰኳለን። ወጣት ሳለሁ ወደ ሩቅ ቆላ ልዛወር ነው የሚል ወሬ ሰምቼ ሦስት ወር እንቅልፍ አጣሁ። ዝውውሩ አልመጣም። የመጀመሪያ ልጄ ዳዴ ማለት የጀመረው ግን በእነዚያ ወራት ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ አላየሁትም። ዛሬም ይቆጨኛል።

ሰሜን ተራሮች የሄዳችሁ ጭላዳ ዝንጀሮን አይታችኋል። ከእኛ አገር በቀር በዱር የትም አይገኝም። ማታ ማታ ነብር እንዳይደርስበት ገደል ላይ ወርዶ ያድራል። ጠዋት ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውላል። አንዱ ከጮኸ መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ይሮጣል። ትንሽ ቆይቶ ይመለስና ሣሩን ይቀጥላል። እንስሳ አይፈራም ያላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ይፈራል፤ ነብሩ ሲሄድ ግን ፍርሃቱም አብሮ ይሄዳል።

ወንጌሉም የሰማይ ወፎችን ተመልከቱ ይላል። ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስሳለም ግቢው ውስጥ ትንሽ ቆሜ አያቸዋለሁ። ገና ሳይነጋ ሥራ ላይ ናቸው። አይዘሩም፣ አያጭዱም ተባለ እንጂ አይለፉም አልተባለም። በዚሁ ደብር በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ቤተ ክርስቲያኑን ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ብለው አባቶቻችን ነግረውናል። ንቦቹን ማን አሰለፋቸው? እግዚአብሔር በምን በኩል እንደሚደርስ ቀድመን አናውቅም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጭንቀቱ ሳምንታት ከቆየ፣ ምግብ ከዘጋችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። ጸበልና ሐኪም አይጣሉም። የእምነት ማነስ ነው የሚላችሁን አትስሙት።

ሥራ በጀመርኩ ዓመት አንድ ሌሊት ምጥ የጠናባት ላም አለች ተብዬ ተጠራሁ። የጥጃው አንገት ወደ ኋላ ታጥፏል። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ላሟ የቤቱ ብቸኛ ላም ናት። ባለቤቷ ሽማግሌ ኩራዝ ይዘው፣ ውኃ አሙቀው፣ ሳሙና አቅርበው አጠገቤ ቆሙ። «ብትሞትብኝስ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ አንተ የምትችለውን አድርግ። የቀረውን ለባለቤቱ ተውለት» አሉኝ። ባለቤቱ ያሉት ፈጣሪን ነው።

ጥጃውን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ አንገቱን ፈልጌ አቃናሁት። እግሮቹን በገመድ አስሬ እሷ ስታምጥ ብቻ እየጠበቅሁ ሳብኩ። ሊነጋጋ ሲል ወጣ። መጀመሪያ ዝም አለ። አፍንጫውን ጠርጌ በጭድ ሳሸው አስነጠሰ። እናቱ እየላሰች አደረቀችው፤ ከዚያ ጋደም አለችና ማመስኳት ጀመረች።

ሽማግሌው ኩራዙን እፍ አሉት። ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝና «በል፣ አሁን አንተም ተኛ» አሉኝ። መደቡ ላይ ጋደም አልኩ። ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ አልነቃሁም።