የጨመርሻቸው ረድፎች ለምን አልሰረዝ አሉ? ጄኩዌሪን ልተወው ወይ ላለችን ጠያቂ

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀሽ ለድረ ገጽ ሥራ ባመለከትሽበት ድርጅት የተግባር ፈተና ተሰጠሽ። የዕቃ ዝርዝር በያዘ ሠንጠረዥ ላይ «ጨምር» ሲባል አዲስ ረድፍ እንዲገባ፣ «ሰርዝ» ሲባል ደግሞ ረድፉ እንዲጠፋ ማድረግ ነበረብሽ። በጄኩዌሪ፣ ማለትም የጃቫስክሪፕትን (ድረ ገጽን የሚያንቀሳቅሰውን ቋንቋ) ሥራ በሚያቃልለው ላይብረሪ ወይም የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ፣ ሠራሽው። ከመጀመሪያው የነበሩት ረድፎች ተሰረዙ፤ አንቺ የጨመርሻቸው ግን አልሰረዝ አሉ። ፈተናውን ሳታልፊ ቀረሽ። ጓደኞችሽ «ጄኩዌሪ ጊዜው አልፎበታል፣ ሪአክት ተማሪ» ይሉሻል (ሪአክትም የድረ ገጽ መሥሪያ ላይብረሪ ነው)፤ ምን ላድርግ ትያለሽ።

እኅቴ፣ የጣለሽ ጄኩዌሪ አይደለም። ያንኑ ፈተና ያለ ምንም ላይብረሪ በጃቫስክሪፕት ብቻ ብትሠሪው ኖሮ እዚያው ቦታ ላይ ትሰናከዪ ነበር። ኮድሽ ገጹ ሲከፈት «‹ሰርዝ› የሚሉትን ቁልፎች ሁሉ ምረጥ፣ ጠቅ ሲደረጉ ረድፉን አጥፋ» ብሎ አዘዘ። ምርጫው የሚካሄደው በዚያች ቅጽበት ነው፤ የሚያገኘውም በዚያች ቅጽበት ገጹ ላይ ያሉትን ብቻ። በኋላ በአፔንድ (ወደ ገጹ አዲስ ነገር በሚጨምረው ትእዛዝ) የገባው ረድፍ ጠዋት ስም ሲጠራ ክፍል ውስጥ እንዳልነበረ ተማሪ ነው፤ መልኩ ከሌሎቹ ጋር አንድ ቢሆንም ትእዛዙ አልደረሰውም።

መፍትሔው እጅግ ያምራል፤ ለዚህም ነው ፈታኞች የሚወዱት። አንድ ቁልፍ ጠቅ ሲደረግ ድርጊቱ እዚያው አይቀርም፤ ከቁልፉ ወደ ረድፉ፣ ከረድፉ ወደ ሠንጠረዡ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። እንግዲያው አዳማጩን (ጠቅታውን ጠብቆ ትእዛዙን የሚፈጽመውን ኮድ) በየቁልፉ ላይ ከማሰር ይልቅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ባለው ሠንጠረዥ ላይ እሰሪው። ጄኩዌሪ ውስጥ ይህን የሚሠራው «ኦን» ነው፤ የድርጊቱን ስም ካስቀመጥሽ በኋላ የ«ሰርዝ» ቁልፎቹን መምረጫ (የትኞቹ እንደሆኑ የሚለየውን ጽሑፍ) ትጨምሪበታለሽ። ከዚያ ከተነካው ቁልፍ በ«ክሎዘስት» ወደ ረድፉ ወጥተሽ በ«ሪሙቭ» ታጠፊዋለሽ። ነገ የሚጨመረውም ረድፍ ያለ ተጨማሪ ኮድ ይሰረዛል።

ሌላም ልንገርሽ፤ ጀማሪን ብዙ ሰዓት የሚያስፈጀው የጄኩዌሪ ዝምታ ነው። የመምረጫውን ስም አንዲት ፊደል አሳስተሽ ብትጽፊ አይጮኽም፤ ባዶ ስብስብ ይመልስልሽና የምታዢውን ሁሉ እንደ ሠራ ሆኖ ያልፋል። «ለምን አይጨምርም?» ብለሽ የጭመራውን ኮድ ከመበርበርሽ በፊት ኮንሶሉን (ብራውዘሩ ውስጥ ያለውን የኮድ መፈተሻ መስኮት) ክፈቺና የመረጥሽው ስብስብ ርዝመት ስንት እንደሆነ ተመልከቺ። ዜሮ ከሆነ ችግሩ ምርጫው ላይ ነው።

ተጠቃሚ የጻፈውን የዕቃ ስም ደግሞ ከኤችቲኤምኤል (የገጹ መዋቅር ከሚጻፍበት ቋንቋ) ጋር ቀጥለሽ ወደ ገጹ አታስገቢ። ተንኮለኛ ሰው በስም ፋንታ ስክሪፕት፣ ማለትም ገጹ ላይ የሚሠራ ኮድ፣ ሊጽፍ ይችላል። ረድፉን ባዶውን ፍጠሪ፣ ስሙን በ«ቴክስት» ሙይው። ፈተና ላይ ይህን ማንም ሳይጠይቅሽ ብታደርጊ የሚያይሽ ሰው ዓይን ይለወጣል።

ወደ ጓደኞችሽ ምክር ልመለስ። ግማሽ እውነት አላቸው። ጆን ሬሲግ ጄኩዌሪን በ2006 (እንደ አውሮፓውያን) ሲያወጣ ብራውዘሮች እርስ በርስ አይስማሙም ነበር፤ አንዱ ላይ የሚሠራ ኮድ ሌላው ላይ ይሰበር ስለነበር ላይብረሪው ትልቅ እፎይታ ሆነ። ዛሬ ብራውዘሮቹ ራሳቸው ኤለመንትን (የገጹን አካል) በመምረጫ ፈልገው ያገኛሉ፤ የድረ ገጽ ማሳመሪያው ቡትስትራፕም በ2021 ባወጣው አምስተኛ እትሙ ጄኩዌሪን ትቶታል። ነገር ግን የድረ ገጽ መገንቢያው ዎርድፕረስ እስከ ዛሬ ከራሱ ጋር ይዞት ይመጣል፤ በጄኩዌሪ የተሠሩ የቆዩ ሥርዓቶችም ገና በአገልግሎት ላይ ናቸው። አዲስ ተቀጣሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሌላ ሰው ጽፎት የሄደውን ኮድ መጠገን ነው። ማንበብና ማስተካከል የምትችዪ ከሆነ ያወቅሽው አይባክንም።

ሪአክትን ተማሪ፣ ግን አሁኑኑ አትዝለዪ። እዚያ ኤለመንት እየመረጥሽ በእጅሽ አትጨምሪም፤ ዝርዝሩን ስትለውጪ ገጹን እሱ ያስተካክለዋል። ከሥር ምን እንደሚካሄድ ሳታውቂ ከገባሽ የመጀመሪያው ስሕተት ላይ እንደገና ጭንቅ ውስጥ ትገቢያለሽ።

ስለዚህ ያንኑ የዕቃ ሠንጠረዥ መጀመሪያ በጄኩዌሪ አስተካክለሽ ጨርሺ፤ ከዚያ ያለ ላይብረሪ በጃቫስክሪፕት ብቻ፣ በመጨረሻም በሪአክት ሥሪው። ሦስቱንም ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጪና አዲሶቹ ረድፎች ለምን አልሰረዝ ብለው እንደነበር፣ እንዴትስ እንደፈታሽው በአጭር ጽሑፍ ግለጪ። አድራሻውን ሲቪሽ ላይ ከትምህርት ማስረጃሽ በላይ አድርጊው። በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ «ያስቸገረሽ ሥራ ንገሪን» ሲሉሽ ይህንኑ ከፍተሽ እያሳየሽ አስረጂያቸው።