ዕቅዳችሁ ውስጥ ዓሣ አለ ወይ?

ልጆቼ፣

የጥብቅ ስፍራ ዕቅድ ገምግም ተብሎ ሲሰጠኝ ቀድሜ የምገልጠው አደጋ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ የሚናገረውን ምዕራፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ "ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በመቀናጀት" ይልና ያልፋል። ማን? በስንት ሰዓት? በማን መኪና? ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ቅጠሉን የሚቆርጠው ሰው ካልተጻፈ ግን እኔ ዕቅድ አልለውም።

የኬፕታውንን ነገር አጥኑ። በሰኔ 1992 ዓ.ም. ትሬዠር የተባለች መርከብ ማንዴላ በታሰሩባት ሮበን ደሴትና በዳሰን ደሴት አካባቢ ሰጠመች። ነዳጇ ፈሰሰ። ሁለቱም ደሴቶች የአፍሪካ ፔንግዊን መራቢያ ናቸው። 19,000 ገደማ ወፎች በዘይት ተለወሱ።

ዘይት የነካው ላባ ውኃ ያስገባል፤ ወፉን ብርድ ይገድለዋል። ላባውን በአፉ ላጽዳ ሲል ደግሞ መርዙን ይውጣል። በሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ትልቅ መጋዘን ውስጥ ተሰብስበው አንድ በአንድ አጠቧቸው። ንክሻቸው ቀልድ አይደለም፤ ያለ ጓንት አይሞከርም። የሞተ ዓሣ ስለማያውቁ አፋቸውን ከፍቶ ሰርዲን ማጉረስ ያስፈልጋል። ያንን ሁሉ ዓሣ ማን ያመጣል? ማቀዝቀዣውስ የት ነው? ዕቅድ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ለንጹሖቹ ያደረጉት ነው። ዘይት ያልነካቸውን 19,500 ገደማ ፔንግዊኖች ይዘው በመኪና ወደ ምሥራቅ ርቃ ባለችው የወደብ ከተማ ፖርት ኤልዛቤት (ዛሬ ግቤርሃ) አጠገብ ወስደው ለቀቋቸው። በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዋኝተው እስኪመለሱ ድረስ የደሴቶቹን ዳርቻ ማጽጃ ጊዜ ተገኘ። ከመካከላቸው ፒተር ብለው በሰየሙት ፔንግዊን ላይ መከታተያ መሣሪያ አስረው ስለነበር ሕዝቡ ጉዞውን በየቀኑ ይከታተል ነበር። በ1986 ዓ.ም. እዚያው አካባቢ አፖሎ ሲ የምትባል መርከብ ሰጥማ 10,000 ያህል ፔንግዊኖች ተለውሰው ግማሽ ያህሉ አልቀዋል። በ1992 ግን ከታጠቡት አብዛኞቹ ተርፈዋል።

ስለዚህ ስታቅዱ የተጎዳውን ብቻ አትቁጠሩ። ገና ያልተነካውን ወዴት እንደምታሸሹ፣ ለዚያም ማን ፈቃድ እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ፈቃድ እስኪፈረም ዘይቱ አይጠብቅም።

ባሕር የለንም፣ ምን አገባን እንዳትሉ። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ደግሞ ከእስራኤል መጥተዋል። እንዲህ ያለ ስልክ ቁጥር ዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይቀመጥ። በዓመት አንዴ ደግሞ ሁሉንም ደውላችሁ ሞክሩ። ግማሹ "የደወሉላቸው ደንበኛ" ማለቱ አይቀርም።