«ውስጥ ሰው አለኝ» ለሚለኝ ደላላ ምን ልመልስለት?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ። ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ አለኝ። ለትምህርት ቤቶች ኮምባይንድ ዴስክ እሠራለሁ። ጨረታ ደጋግሜ ገብቼ አንዱም አልቀናኝም። በቅርቡ አንድ ደላላ መጥቶ «ውስጥ ሰው አለኝ፤ ከውሉ አምስት በመቶ ካሰብክ ያልቅልሃል» አለኝ። እምቢ ስለው «ትልልቆቹ የውጭ ኩባንያዎች ሎቢ የሚሉት እኮ ይኸው ነው፤ የእነሱ ሲሆን ሕጋዊ፣ የእኛ ሲሆን ጉቦ?» ብሎ ሳቀብኝ። መልስ አጣሁለት። በዚህ ላይ የማውቃቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ልጃቸውን ሊድሩ የጥሪ ካርድ ልከውልኛል። ምን ይዤ ልሂድ?
የእንጨት ባለሙያው፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ ደላላው ግማሽ እውነት ይዞ ስለመጣ ነው መልስ ያሳጣህ። ሎቢ የሚሉት፣ ነጋዴ መንግሥትን መወትወቱ፣ በራሱ ነውር አይደለም። ግብር ሲጨመርበት፣ ብረቱ ጉምሩክ ውስጥ ሲከርምበት፣ የማይሠራ መመሪያ ሲወጣበት ዝም የሚል ነጋዴ የለም፤ ዝም ማለትም የለበትም።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ሕግ መሠረት ተከፍሎት ምክር ቤቱን የሚወተውት ባለሙያ ይመዘገባል፤ ማን እንደቀጠረው፣ በየትኛው ጉዳይ ላይ እንደሠራ፣ ስንት ዶላር እንደተከፈለው በየሩብ ዓመቱ ያሳውቃል። ለባዕድ መንግሥት የሚሠራው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ባለ ሌላ ሕግ ውሉን ያስመዘግባል። የሕዳሴው ግድብ ክርክር በጋለበት በ2020 መጨረሻ ግብፅ ብራውንስቲን የተባለውን የዋሽንግተን ድርጅት በወር 65,000 ዶላር ቀጠረች። በቀጣዩ ዓመት የእኛም መንግሥት ቬነብል የተባለውን ቀጠረ። ይህን ሁሉ እዚህ ሐዋሳ ተቀምጬ የምነግርህ ምስጢር አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም፤ ውሎቹ ማንም እንዲያያቸው ተመዝግበው ስለተቀመጡ ነው። የደላላህን ውል የት ሄጄ ልየው? አምስት በመቶው ለማን እንደሚደርስ አንተ ራስህ ታውቃለህ?

የእነሱ ንጹሕ ነው አላልኩህም። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሥራ በዓመት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይፈስሳል፤ ያን የሚችል ደግሞ የእንጨት ባለሙያ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ግሪንሲል ለተባለ የገንዘብ ድርጅት ሲሉ ለሚኒስትሮች በስልካቸው መልእክት ይልኩ እንደነበር በ2021 ታወቀ። እዚያ ሎቢ አድራጊዎችን የሚመዘግበው አካል መርምሮ መመዝገብ አይጠበቅባቸውም ነበር አለ፤ ሕጉ የሚመለከተው ለሌሎች የሚሠሩ አማካሪዎችን እንጂ የድርጅቱን ተቀጣሪ አይደለምና። የስልክ ቁጥር ያለው ሰው መዝገብ ምን ያደርግለታል! እኛ ጋ ግን የምንጨቃጨቅበት መዝገብ እንኳን የለም።

የኢንዱስትሪ ፓርካችንንም ታስታውሳለህ። በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ትልቁ ስም የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ነበር። እንዲህ ያለ ኩባንያ ሲመጣ የግብር እፎይታውን፣ ከቀረጥ ነፃ መብቱን፣ የመብራቱን ነገር ከመንግሥት ጋር ቁጭ ብሎ ይደራደራል። ይህ አያስቆጣኝም፤ ሥራ ይዞ የመጣ ሰው ይደራደር። ነገር ግን በጥቅምት 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመሸጥ ዕድል፣ እንደምታስወጣ ስታሳውቅ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ለመናገር ከጥቂት ሳምንታት በላይ አልፈጀበትም። ከየገጠሩ መጥተው ስፌት መኪና ላይ የተቀመጡት ልጆች ግን በድርድሩም በመዝጋቱም ወንበር አልነበራቸውም።

አሁን ወደ አንተ ዴስክ እንምጣ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኖርኩት ግዥ ክፍል ነው፤ ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። ጨረታ የሚሸጠው ፖስታ በሚከፈትበት ቀን አይመስልህ። በዚያን ቀን ሁሉም ተጫራች ተቀምጧል፣ ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። የሚሸጠው ከወራት በፊት ዝርዝር መስፈርቱ ሲጻፍ ነው። የላሜራው ቀለም ከነቁጥሩ፣ የጠርዙ ቅርጽ ከነሚሊሜትሩ ተጽፎ ስታየው የአንድ አስመጪ ካታሎግ ተገልብጦ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ለአንድ ሰው እግር ተለክቶ የተሰፋ ጫማ ማለት ነው። ወይም ደግሞ አነስተኛ አምራች በዕድሜው የማያየው ዓመታዊ ሽያጭ ይጠየቃል። ወይም አሥር ትምህርት ቤት የሚያዳርሰው ዴስክ በአንድ ሎት፣ ማለትም በአንድ ጥቅል፣ ይታሰርና ለጨረታ ማስከበሪያ በባንክ የሚያዘው ሲፒኦ ብቻ ያንተን ዓይነቱን ከበር ይመልሳል። አነስ ያለው ግዥ በፕሮፎርማ ሲሆን ደግሞ የሦስት ድርጅት ማኅተም ያለባቸው ሦስት ፕሮፎርማዎች በአንድ ሰው ቦርሳ ይመጣሉ፤ አንዳንዴ የፊደል ግድፈታቸው እንኳን አንድ ነው። በወታደሮች ይመራ ስለነበረው የመንግሥት ድርጅት ስለ ሜቴክ በኅዳር 2011 ዐቃቤ ሕግ 37 ቢሊዮን ብር ያህል የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ ተፈጽሟል ሲል አገር ደነገጠ። እኔን ያስደነገጠኝ አኃዙ እንጂ አሠራሩ አልነበረም።

ስለዚህ ደላላው «ውስጥ ሰው አለኝ» ሲልህ ምናልባት ውሸቱን ነው፤ የማንንም ስም ጠርቶ መብላት ቀላል ነውና። እውነቱን ከሆነ ደግሞ ይብሳል። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መሠረት የሚጠየቀው ተቀባዩ ብቻ አይደለም፤ ሰጪውም ተሰሚነት አለኝ ብሎ የሚነግደውም ይጠየቃሉ። አምስት በመቶው ከየት እንደሚወጣም ታውቃለህ፤ ከብረቱ ውፍረት ነው። ዴስኩ ዓመት ሳይሞላው ሲወላገድ የሚሰደበው አንተ ነህ፣ ደላላው አይደለም።

«ሰው» ደግሞ ይነሣል። በከተማችን ከቢሮ ቢሮ ትውውቅ ሲያጠራቅሙ የኖሩ ነጋዴዎች ነበሩ። በ2012 ሲዳማ ክልል ሆነ፤ በ2015 የቀድሞው ደቡብ ክልል ሲከፈል ቢሮዎቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። በበዓል በግ፣ በልቅሶ ጥሬ ገንዘብ እያሉ የያዙት ሰው ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ከኋላው ቆመው ያዩት አሉ። አዘንኩላቸው ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ሰርጉን በተመለከተ፦ ሂድ። ጥሪ አክብሮ መሄድ ወግ ነው። ለጎረቤትህ ልጅ ሰርግ የምትሰጠውን ያህል ስጥ፣ ፍሪጅ አታስጭን። በመሥሪያ ቤታቸው የገባኸው ጨረታ ገና ካልተወሰነ ግን በሽማግሌ መልካም ምኞትህን ልከህ ቅር፤ ደህና ኃላፊ ይህን ይረዳሃል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከያኔው ፕሬዚዳንት ከጃኮብ ዙማ ጋር የተወዳጁት ነጋዴዎቹ የጉፕታ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2013 የሰርግ እንግዶቻቸውን የጫነውን አውሮፕላን አየር ኃይሉ ጣቢያ ላይ አሳረፉት። አገሩ ምን እንደተያዘበት ያወቀው ያኔ ነው ይላሉ።

አንተ ሎቢ ማድረግ ከፈለግህ ግን ላስተምርህ። ብቻህን አትሂድ። እንዳንተ ያሉትን አምራቾች ሰብስብና በማኅበር ወይም በንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት በኩል ቅረቡ፤ ምክር ቤቶቹ በአዋጅ ቁጥር 341/1995 የተቋቋሙት የአባሎቻቸውን ጥቅም ለመንግሥት እንዲያቀርቡ ጭምር ነው። ጊዜው ጨረታው ከወጣ በኋላ አይደለም፤ የዓመቱ የግዥ ዕቅድ በሚዘጋጅበት በግንቦትና በሰኔ ነው። ዴስኩ በትንንሽ ሎት እንዲከፋፈል፣ መስፈርቱ በምርት ስም ሳይሆን በጥንካሬ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ናሙና ይዛችሁ ሂዱ። ጨረታው ወጥቶ መስፈርቱ የሚያጠራጥር ከሆነ የመዝጊያው ቀን ሳይደርስ በጽሑፍ ማብራሪያ ጠይቅ፤ መልሱ ለሁሉም ተጫራች መድረስ አለበት። ከተሸነፍክ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅና አቤቱታህን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቅርብ። የቀን ገደቡ አጭር ስለሆነ የጨረታ ሰነዱን በዚያው ቀን አንብብ፤ የክልል ግዥ በክልሉ ሕግ፣ የፌዴራሉ በፌዴራሉ ይዳኛል።

ማንኛውንም ደብዳቤ በሁለት ቅጂ አዘጋጅ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጥ፤ በሌላው ላይ ቀንና ገቢ ቁጥር አስጽፈህ ማኅተም አስመትተህ ይዘህ ውጣ። «ነገ ና» ካሉህ ነገም ሂድ።