የአዲስ አሠራር ጥቅም በምን ይለካል? ከአያት አካባቢ ነዋሪዎች ለቀረቡ የትራንስፖርት ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር፣ አዲስ የትራፊክ መብራት፣ በስልክ የሚከፈል ትኬት እየተባለ የሚነገረው ሁሉ ለሕዝቡ ምን እንደጠቀመ በምን እንደሚታወቅ ለጠየቃችሁኝ፣ በትራንስፖርት ጥናት ላይ ከሠራሁበት ልምድ ተነሥቼ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ «ይህን ያህል አውቶቡስ አሰማርተናል» ከተባለ ጥቅም ተገኘ ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ለመስመሩ የተመደበ አውቶቡስ መለዋወጫ አጥቶ ግቢ ውስጥ ቢቆምም በሪፖርት ላይ ይቆጠራል፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አያት ተሰልፎ ለሚጠብቅ ሰው ግን የለም። መለካት ያለበት ተሳፋሪው ከደጁ ወጥቶ ሥራው እስኪገባ የሚፈጅበት ጊዜ፣ የሚያወጣው ገንዘብ፣ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ሞትና ጉዳት፣ እንዲሁም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የጉዞው አስተማማኝነት ነው። አንድ ቀን በ40፣ በማግስቱ በ90 ደቂቃ የሚደርስ ሠራተኛ እንዳይረፍድበት ሲል በየቀኑ ለ90 ደቂቃው ተዘጋጅቶ ይወጣል፤ አማካይ ቁጥር ይህን ይደብቃል።

ጥያቄ፦ በታክሲ ሰልፍ የሚባክነውን ጊዜ ማን ሊመዘግበው ይችላል?

መልስ፦ ብጣሽ ወረቀት ይበቃል። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ለቆመ ሰው ሰዓቱን ጽፋችሁ ትሰጡታላችሁ፤ ሲሳፈር ወረቀቱን ተቀብላችሁ የገባበትን ሰዓት ከጎኑ ትጽፋላችሁ። አስቀድማችሁ ለተራ አስከባሪው አስረዱት፤ እኔ ሳላስረዳ ጀምሬ፣ ሌላ ተራ ያስያዝሁ መስሎት ወረቀቱን ከሰው እጅ ሲሰበስብ አግኝቼዋለሁ። ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው ተስፋ ቆርጠው በእግራቸው የሚሄዱት ናቸው፤ ወረቀቱን ይዘው ስለሚሄዱ፣ ከሁሉ በላይ የተጉላሉት ሰዎች ከስሌቱ ይወጣሉ። ስለዚህ ያልተመለሰው ወረቀትም መቆጠር አለበት። በዘርፉ በተለመደው አሠራር ቆመው የጠበቁት ደቂቃ ተቀምጠው ከተጓዙበት እጥፍ ያህል ክብደት ይሰጠዋል፤ በሐምሌ ዝናብ የተሰለፈ ሰው ለዚህ ማስረጃ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ከማሻሻያ ሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ማነጻጸር አይበቃም?

መልስ፦ ብዙ ሪፖርት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጥቅምት ለክታችሁ ሥራው ካለቀ በኋላ በነሐሴ ብትለኩ፣ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ብቻ መንገዱ ቀልሎ ታገኙታላችሁ፤ ምስጋናው ግን ለአዲሱ መብራት ይሰጣል። ንጽጽሩ መሆን ያለበት ሥራው ባይሠራ ኖሮ ይሆን ከነበረው ጋር ነው፤ ለዚህም ምንም ያልተነካ ተመሳሳይ መንገድ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት አብሮ ይለካል። የትራፊክ አደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አንድ መጋጠሚያ ለማሻሻያ የሚመረጠው አደጋ በበዛበት ዓመት ማግስት በመሆኑ፣ ምንም ባይደረግለትም በቀጣዩ ዓመት የአደጋው ቁጥር ወደ ተለመደው መጠን ዝቅ የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ የሦስት ዓመት መዝገብ ያስፈልጋል።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ነው። ወደ መሀል ከተማ በሚገቡና በሚወጡ መኪኖች ላይ የተጣለው ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2006 ከጃንዋሪ እስከ ጁላይ በሙከራ ሲሠራ የመኪናው ብዛት በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ሙከራው ሲቆም መኪናው አብዛኛው ተመለሰ። ለውጡን ክፍያው እንዳመጣው ያሳየው ይህ መመለሱ ነው። ሕዝቡም ውጤቱን አይቶ ድምፅ ሰጠ፤ ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2007 ቋሚ ሆነ።

ጥያቄ፦ የአውቶቡስ መስመር ሲለይ በመኪና የሚሄደው ይጎዳ የለም እንዴ?

መልስ፦ ሊጎዳ ይችላል፤ ጉዳቱም ከጥቅሙ ላይ ተቀናሽ መሆን አለበት። ለምሳሌ ያህል 1,000 ተሳፋሪ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ቢያተርፍና በመኪና የሚሄዱ 200 ሰዎች 5፣ 5 ደቂቃ ቢያጡ፣ ከ10,000 ደቂቃ 1,000 ተቀንሶ የቀኑ ትርፍ 9,000 ደቂቃ ወይም 150 ሰዓት ይሆናል። የሚቆጠረው ሰው እንጂ ተሽከርካሪ አለመሆኑን ልብ በሉ። እግረኛውም ከስሌቱ መቅረት የለበትም፤ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተሳፋሪውን ጠቅሟል፣ ሐዲዱ መንገዱን ለሁለት በከፈለበት ቦታ ግን ፊት ለፊት ያለ ሱቅ ለመድረስ ዞሮ መሄድ ግድ የሆነበት ሰው አለ።

ጥያቄ፦ የትኬት መክፈያ መተግበሪያውን ብዙ ሰው በስልኩ ጫነ መባሉስ?

መልስ፦ መጫን ጥቅም አይደለም።

ጥያቄ፦ መንገዱ ሲሻሻል የቤት ዋጋ መጨመሩ እንደ ተጨማሪ ጥቅም ይቆጠራል?

መልስ፦ የተቆጠበው ጊዜ አስቀድሞ ከተቆጠረ አይቆጠርም፤ ቤቱ የተወደደው በዚያው ጊዜ ምክንያት ስለሆነ አንዱን ጥቅም ሁለት ጊዜ መደመር ይሆናል። ለኮንዶሚኒየም ተከራይ ደግሞ ያተረፈው ግማሽ ሰዓት በኪራይ ጭማሪ ሊወሰድበት ይችላል፤ ማን እንደተጠቀመ ለብቻው መጻፍ ያለበት ስለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጊዜ በብር ሲተመን የድሀው ሰዓት አይረክስም?

መልስ፦ በደመወዝ ከተተመነ ይረክሳል። እንግሊዝን የመሳሰሉ አገሮች ወደ ሥራ ለሚደረግ ጉዞ ለሁሉም አንድ ዓይነት ተመን የሚጠቀሙት ለዚህ ነው፤ እኔም የምደግፈው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ነዋሪዎች አሁን ምን እናድርግ?

መልስ፦ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ለሁለት ሳምንት፣ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ጠዋት፣ በወረቀቱ ዘዴ መዝግቡ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የበፊቱን መለካት አይቻልም።